መጥረቢያ ያስሮጠው ሰዓት

ባሌ ብርድ ልብሳችንን በእጅ ሰዓት ለውጦ ከአሶሳ ገበያ የተመለሰ ዕለት ያልኩትን ሁሉ ብጽፈው ያሳፍረኛል። ብርድ ልብሱ ከወሎ ስንነሳ መጠለያው ውስጥ የተሰጠን፣ በጭነት መኪናና በአውሮፕላን አብሮን የተንከራተተ፣ ግራጫና ሻካራ ነገር ነበር። ከእሱ ሌላ የምንለብሰው አልነበረንም። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ክንዱን ዘርግቶ ይስቃል።

"እስቲ ጆሮሽን አስጠጊ" አለኝ።

"ባስጠጋው ይሞቀኛል?"

"ብቻ ስሚው።"

ሰማሁት። ደረቅ ሣር ውስጥ የምትሄድ ትንሽ ነፍሳት የምታሰማው ዓይነት ድምፅ ነበረው። ንዴቴ አልበረደም። ጆሮዬን ግን ቶሎ አላነሳሁም።

ባሌ ድርቁ ሳይመጣ በፊት ከቆላ ጨው፣ ከደጋ ጥራጥሬ በበቅሎ እየጫነ ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው ነበር። አንድ ቦታ ሁለት ሳምንት ከተቀመጠ ፊቱ ይጠቁራል። በቅሎዎቹ አልቀው፣ ዘመድ አልቆ፣ ሁለታችን ብቻ ቀርተን ነው አሶሳ የሰፈርነው። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ጎጆዎቹ በቀርከሃ ተሠርተው በመስመር የቆሙ ናቸው፤ መጀመሪያ ሰሞን የራሴ ጠፍቶኝ የሰው ቤት ገብቼ አውቃለሁ። መሐል ሜዳው ላይ ከዛፍ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። እሱ ሲደወል እንነሳለን፣ ሲደወል ሥራ እንገባለን፣ ሲደወል ለስብሰባ እንወጣለን። ባሌ ያን ድምፅ ሲሰማ ጥርሱን ያፋጫል።

"እኔ በሬ ነኝ እንዴ እየደወለ የሚነዳኝ?" ይላል። "ሰዓቱን ራሴ ካወቅሁ ሳይደውል እነሳለሁ። ያኔ የተነሳሁት እኔ ነኝ።"

ሰዓቱን ከክሊኒኩ ጤና ረዳት ዘንድ ወስዶ አሳያት። ከወለጋ የመጣች፣ ረጋ ያለች ወጣት ነበረች። መስታወቱ ሥር ያለውን የፈረንጅ ጽሑፍ አንብባ ፈገግ አለች።

"ስሙ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ፎርጅድ ነው፤ አታለሉህ" አለችው።

"አላታለለኝም። ነጋዴው ነግሮኛል። ኦርጅናሉ የሚኒስትር ነው፣ ይሄ የእኛ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ።"

ነጋዴው የአሶሳ አካባቢ ተወላጅ፣ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ዕቃ የሚያመጣ በርታ ነበር። ሰዓቱ ባትሪ የለውም፤ እየጠመዘዙም አይሞሉትም። ክንድ ሲወዛወዝ ውስጡ ያለ ነገር እየዞረ ራሱን ይሞላል። ባሌ በዚህ በጣም ተደሰተ። መቀመጥ የማያውቅ ሰው መቀመጥ የማይወድ ዕቃ አገኘ።

በዚያን ጊዜ ሥራው የችግኝ ጣቢያ መጠበቅ ነበር። ዱላውን ይዞ ቀስ እያለ ሲዞር ይውላል። መንደሩን የሚያዘው ካድሬ ቢሮ ውስጥ ሬዲዮ ስለነበረ፣ ዜና ሊጀምር ሲል ባሌ መስኮቱ ሥር ይቆምና የሰዓቱን ምልክት ሰምቶ የራሱን ያስተያያል። ፎርጅዱ ከሬዲዮው ጋር እኩል ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ጥቂት ይቀድማል፣ ደግሞ በማግስቱ ይመልሳል። ቀስ በቀስ ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ "ስንት ሆነ?" ይሉት ጀመር። ገበሬ ያልሆነ ተብሎ የሚናቅ ሰው፣ በሰዓቱ ምክንያት ሰው ሆነ። ብርድ ልብሱን ይቅር አልኩለት ማለት አይደለም። ግን ማንሳት ተውኩ።

በመጣን በሁለተኛው ዓመት ረመዳን ከዝናቡ ጋር ተገናኘ። መንደራችን እስላምም ክርስቲያንም ያለበት ነው፤ እኛ እስላሞቹ ማታ ማታ ትልቁ ማንጎ ሥር ተሰብስበን እናፈጥር ነበር። የሚያሰግዱን ሼኽ እዚያው ከእኛ ጋር የመጡ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ከወንዙ ማዶ የበርታዎች መንደር አለ። ነፋሱ ወደ እኛ ከሆነ የእነሱ አዛን ይሰማናል፤ ዝናብ ከሆነ ምንም የለም።

ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ምሽት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሼኹ ባሌን አስጠርተው ጉብታው ላይ አብረው ቆሙ። ፀሐይ ከጋራው በስተጀርባ ስትገባ፣

"እየው፤ የት ላይ ነው?" አሉት።

"ለአንድ ሰዓት ጥቂት ጉዳይ ነው፣ አባባ።"

"እንግዲህ ደመና ሲሆን ምልክታችን ይሄ ነው። አደራ።"

አደራ የሚለው ቃል ባሌን ከመሬት አነሳው። ያን ማታ ንፍሮውን እንኳን በቅጡ አልበላም፤ ክንዱን እያየ ይመላለሳል።

ከዚያ ደመናው መጣ። በዚያው ሳምንት የእርሻው ቦታ ይስፋ ተብሎ የባሌ ቡድን ከችግኙ ተነስቶ ወደ ጫካ ምንጣሮ ተዛወረ። መጥረቢያ ተሰጠው። ሙሉ ቀን ግንድ ሲቆርጥ ይውላል፤ በጾም አፉ ማታ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ይመጣል። ሰዓቱን ግን አላወለቀም። ካድሬውም ስብሰባ ስላበዛ ቢሮው ይዘጋ ነበርና ከሬዲዮው ጋር ማስተያየቱ ቀረ።

ያን ቀን እንደ ሌላው ቀን ተሰብስበን ነበር። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን። ከአጠገቤ ጎረቤቴ እማማ ተቀምጠዋል። ልጆቻቸውን ሁሉ በድርቁ ቀብረው ብቻቸውን የመጡ ሴት ናቸው። በዚህ ጾም ልጆቼን አስቤ አንድ ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ ብለው ተስለዋል። አጥንታቸው ብቻ የቀረ ሰው ስለነበሩ ሼኹ ራሳቸው "ይቅርብሽ፤ ፈቃድ አለሽ" ብለዋቸው እምቢ አሉ። ጭኔ ላይ የአብሽ ውሃ በጣሳ ይዤላቸዋለሁ። ምዕራቡ ጥቁር ግድግዳ ነው።

ባሌ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሁላችን እሱን እናያለን።

"ደረሰ" አለ።

ሼኹ አዛን አሉ። እማማ ጣሳውን ተቀብለው በአንድ ትንፋሽ ጠጡ። እኔም ጠጣሁ። ሰው ሁሉ ጠጣ፤ ንፍሮው መዞር ጀመረ። ያኔ ነው ደመናው ከሥሩ የተቀደደው። ፀሐይ ቀይ ሆና፣ ሙሉዋን፣ ከጋራው በላይ ቆማ ታየችን።

አንዱ አፉ ውስጥ ያለውን በመዳፉ ተፋ። አንዲት ሴት ጣሳዋን ለቀቀችው። ፊታችን ሁሉ በዚያ ብርሃን ቀልቶ ነበር፤ የባሌን ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

"አፋችሁን ያዙ" አሉ ሼኹ በዝግታ። "እስክትገባ እንጠብቃለን።"

ውሃው ሆዳችን ውስጥ እያለ ፀሐይ እስክትገባ ቁጭ ብለን ጠበቅን። የመቆያው ጊዜ አጭር ነው ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመብኝ ጥቂት ነገር ነው። በኋላ ከወንዙ ማዶ አዛኑ ተሰማ። ያን ጊዜም ቶሎ እጁን ወደ ምግቡ የሰደደ የለም።

"ሰዓትህን ቀቅለህ ብላው!" አለ አንድ ጎረምሳ ከወንዶቹ በኩል። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቁ ደስ አይልም ነበር።

ሼኹ ዝም አሰኟቸውና ሁላችንም ከጾሙ በኋላ ለተበላሸው ቀን ምትክ አንድ ቀን ቀዷ እንደምንጾም ተናገሩ። እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ያለቅሳሉ። "አላጎድልም ብዬ ነበር" ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም። ባሌ መጥቶ ሼኹ ፊት ተንበረከከ።

"አባባ፣ የእሳቸውን ቀን እኔ ልጹምላቸው። የፈለጉትን ያህል ልጹም።"

"አይሆንም ልጄ። እሷ በሕይወት አለች፤ ጾሟ የራሷ ነው። አንተም ያንተ አለብህ፣ እኔም የኔ አለብኝ። በል ተነስ፣ ብላ።"

አልበላም። ካድሬው ቢሮ በር ላይ ሄዶ ቆሞ ዜናውን ጠበቀ። ሲመለስ ሰዓቱ ከሬዲዮው ሩብ ሰዓት ያህል ቀድሞ እንደነበር ነገረኝ። አስተካክሎታል። በማግስቱ ሲያየው ደግሞ ሮጧል። አስተካከለው፤ ደግሞ ሮጠ። ከዚያ ወዲያ እሱን ማየት ራሱ ያደክም ጀመር። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ክንዱን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። እኔም አብሬው እነሳለሁ፣ አብሬው እቀመጣለሁ። ሰው ሰላም ሲለው እንደተሰደበ ነው የሚቆጥረው።

ቅዳሜ ከቡድን መሪው ፈቃድ ለምነን አብረን አሶሳ ገበያ ወረድን። ነጋዴው መደቡ ላይ ሽቶ፣ መስታወት፣ የእጅ ባትሪና ሰዓት ዘርግቶ ተቀምጧል። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ጎልማሳ ነው። ባሌ ሰላምታም ሳይሰጥ ክንዱን አፍንጫው ሥር ወሰደለት።

"መንደር ሙሉ ሰው ጾም አፈረሰብኝ ይሄ ያንተ ቆርቆሮ!"

ነጋዴው አልተቆጣም። ሰዓቱን አየ፣ ጆሮው ላይ አደረገ፣ ከዚያ የባሌን መዳፍ ገልብጦ ውኃ የቋጠረውን ቁስል አየ። አማርኛው የተሰባበረ ነው።

"ወንድሜ፣ አንተ ምን ሥራ ይሠራል?"

"ጫካ እመነጥራለሁ።"

"በምን?"

"በመጥረቢያ ነዋ!"

"ያ ሰላም!" ብሎ ግንባሩን መታ። "መጥረቢያ! ይሄ ሰዓት መጥረቢያ አይወድም። ሰዓት ያሰረ ሰው ሱቅ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል። አንተ ጧት እስከ ማታ ትመታለህ፣ እሱ ይጠግባል፣ ይጠግባል፣ ከዚያ ያብዳል። የእኔ ተመልከት።"

እጅጌውን ሰበሰበ። የእሱም ያው ነው፤ አንድ ፊደል የተሳሳተ፣ የባሌ መንታ። ከታች መደብ ያለውን ሻጭ ጠርቶ ሬዲዮ ሰምቶ ያስተካከለውን ሰዓት ጠየቀው። የነጋዴው ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል።

"እኔ ሙሉ ቀን ይቀመጣል። የእኔ ሰዓት ይተኛል። ያንተ ይሮጣል። ወላሂ አልዋሸሁም፣ ፎርጅድ ነው አልኩህ።"

"ታዲያ እናንተ ደመና ሲሆን ፀሐይ ገብታ መግሪብ መድረሱን በምን ታውቃላችሁ?" አልኩት እኔ።

"ሰዓት እናያለን። ካየን በኋላ ደግሞ ትንሽ እንጠብቃለን። ለምን ይቸኩላል?" ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። "እህቴ፣ አንተ ምን ሥራ ይሠራል?"

"ውሃ እቀዳለሁ፣ አበስላለሁ፣ አርማለሁ።"

"ወፍጮ?"

"እፈጫለሁ።"

"ወፍጮ ጊዜ አውልቅ። ሌላ ጊዜ አንተ እሰር። እሱ አይሰር።"

ባሌ ከት ብሎ ይስቃል ወይም ይጣላል ብዬ ነበር። እሱ ግን የመዳፉን ቁስል በጣቱ እየነካካ ያያል። ሰዓቱን ካልፈለገ እንዲመልስለት ነጋዴው ጠየቀው፤ ብርድ ልብሱን ግን ልጆቹ ይተኙበታልና ሌላ ዕቃ ምረጥ አለው። ባሌ እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ወደ መንደር ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና ፈታው። ማሰሪያው ለእኔ ክንድ ሰፊ ነበር፤ በቢላዋ ጫፍ አዲስ ቀዳዳ በሳበትና አሰረልኝ። የእሱ ክንድ ላይ ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ቀረ።

ሴቶቹ አዩኝና ወንዙ ዳር ሳቁብኝ። "ባልሽ ጉልበቱን ሰጠሽ ወይ?" አሉኝ። ሼኹ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሴት ስለሆንኩ ይከለክሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ትክክል ይሄዳል?" ብቻ አሉኝ።

"ላስተያየው፣ አባባ።"

ውሃ ስቀዳ መንገዴን በካድሬው ቢሮ በኩል አደረግሁ። እንስራዬን አዝዬ መስኮቱ ሥር እቆማለሁ። አንድ ቀን ካድሬው ብቅ ብሎ "ምን ፈለግሽ?" አለኝ።

"ዜና እየሰማሁ ነው፣ ጓድ።"

በሚቀጥለው ስብሰባ አስነስቶ አስጨበጨበልኝ። በሴቶች ንቃት ምሳሌ ሆንኩ። እማማ እንኳን ከዚያ ሁሉ ሐዘን በኋላ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

በእኔ ክንድ ላይ ሰዓቱ አደብ ገዛ። ከሬዲዮው ጋር የሚለያይበት ጊዜ አለ፤ ግን አንድ እንስራ ሞልቶ እስኪፈስ ከምትጠብቂው አይበልጥም። ሼኹም ሰዓቱ ከደረሰ በኋላ ጥቂት እያስቆዩን አዛን ይሉ ጀመር። እስከ ዒድ ድረስ ሌላ ስህተት አልሆነም። ያ ጎረምሳም አንድ ማታ ወደ እኔ ዞሮ "ደረሰ ወይ እቴ?" አለኝ፤ ይቅርታ ማለቱ ነው ብዬ ወሰድኩት።

እኔ ግን ሰላም አላገኘሁም። ያን ነገር ክንዴ ላይ ካሰርኩት ወዲህ ዓይኔ ከእሱ አልላቀቅ አለኝ። እሳት እያነደድኩ አየዋለሁ። አረም ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ንፍሮ አሳርሬያለሁ። የሚመጣ ነገር ያለ፣ እኔም ቆሜ መቀበል ያለብኝ ይመስለኛል።

የመጣው የባሌ መሄድ ነው። ዒድ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት መጥረቢያውን በሩ ላይ አስደግፎ፣

"ወሎን አይቼ ልምጣ" አለኝ።

ከመንደሩ ያለ ፈቃድ መውጣት ክልክል ነበር። ወደ ሱዳን የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ወደ ወሎም በእግራቸው የተነሱ። የደረሱትን አናውቅም።

"እዚያ ማን አለህ?" አልኩት።

"ማንም። ግን እዚህ ሰው ሲያየኝ ያቺ ፀሐይ ናት የምትታየኝ።"

"ሰው ረስቶታል እኮ።"

"እኔ አልረሳሁትም።"

ሰዓቱን ፈትቼ ሰጠሁት። መልሶ አሰረልኝ። ቆሎ በጨርቅ ቋጥሬለት ወጣ። ለቡድን መሪው ወንዝ ማዶ ሄዷል አልኩት፤ ሁለተኛ ቀን ላይ ውሸቴ ታወቀ። ካድሬው ቢሮ አስጠርቶ ጮኸብኝ። ያጨበጨበልኝ እጅ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር።

ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እወጣለሁ። እማማ እኔ ቤት መዋል ጀመሩ። በየጊዜው "ስንት ሆነ?" ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ይጠይቁኛል። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሰዓቱ ጉዳያቸው አልነበረም፤ ዝም ብዬ በሩን እንዳላይ ነው።

ዝናቡ ሊያቆም ሲል አንድ ከወለጋ በኩል የመጣ እህል የጫነ መኪና መንገድ ዳር ቆመ። የወረደውን ሰው መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ ባሌ ነበር። ፊቱ ብጫ ሆኖ፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። ወለጋ ውስጥ መንዲ የምትባለውን ከተማ አልፎ ጥቂት እንደሄደ ወባ ጥሎት ነበር። አንድ ጴንጤ ገበሬና ሚስቱ ከመንገድ አንስተው ቤታቸው አስተኝተው፣ ወተት እያጠጡ ለሳምንታት አስታመሙት።

"ለምን ተመለስክ?" አልኩት፤ ደስታም ንዴትም ነበር።

"እዚያ ተኝቼ ሳስበው፣ ወሎ ብደርስ የምገባበት ቤት የለም። ያለኝ ቤት አንቺ ያለሽበት ነው። በቁጥር የሚጠራም ይሁን።"

ካድሬው በስብሰባ ላይ አስቁሞ ወቀሰው፤ ወደ ምንጣሮውም መለሰው። ሳይከራከር መጥረቢያውን ወሰደ። በበጋው፣ ሰማይ ሲጠራ፣ እሱና እማማ ቀዷቸውን በአንድ ቀን ጾሙ። እኔም አብሬያቸው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ነገር ተገለበጠ። እሱ ሰከነ። ማታ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ቅርጫት ይሠራል። መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ሆንኩ። ያ መንደር፣ ያ መስመር፣ ያ ስብሰባ አፈነኝ። ቁጥጥሩ ላላ ሲል ባምባሲ ከተማ እንሂድ ብዬ የጎተጎትኩት እኔ ነኝ። እማማን ይዘን ሄድን፤ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ከፈትኩ፤ እሱ ታሞ ሳለ በለቀማት ኦሮምኛ ከመንዲ በኩል ማርና ቅቤ እያመጣ ይነግድ ጀመር። ሰዓቱ ጥቂት ዓመት አገለገለኝ። በኋላ ውስጡ የሚዞረው ነገር ተነቅሎ እንደ ቆሎ ይንኳኳ ጀመር፤ ሰዓት ሠሪውም ለፎርጅድ መለዋወጫ የለም አለኝ።

አንድ ገበያ ቀን ባሌ አንዲት ረዥም ሴት ይዞ መጣ። ያስታመመችው የገበሬው ሚስት ናት። አማርኛ የላትም፣ እኔም ኦሮምኛ የለኝም። እግሯን አጠብኩ። ምግብ አቀረብኩ። ውሃ አመጣሁ፣ ጨው አመጣሁ፣ ደግሞ ተነሳሁ ትራስ ላመጣላት። ቀሚሴን ያዘችኝ።

"ታኢ" አለችኝ እየሳቀች። "ታኢ፣ ታኢ።"

ባሌን አየሁት።

"ተቀመጪ ነው የምትልሽ" አለ።

ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ብዙ ግን አልቆየሁም፤ ጀበናው ይገነፍል ነበርና ተነሳሁ።